ከውስብስብ የቬክተር ሥዕል ላይ ኢፌክቶችን በጅምላ ማንሳት

በሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ ከነደባው፣ ማለትም ከመቀመጫ መደቡ በላይ ያለው ግድግዳ በሣር ስፌት የተሞላ ነው። እያንዳንዱ ስፌት ከመሃሉ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ የሚሰፋ ክብ ሲሆን በዙሪያው ያለው ጥለት እየተደጋገመ ይዞራል። ይህን ግድግዳ በኮምፒዩተር ወደ ቬክተር ሥዕል፣ ማለትም በነጠብጣብ ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ ወደሚሠራ ሥዕል የሚለውጥ ሰው ብዙ መቶ ቅርጾችን መደራረብ ይኖርበታል፤ ስፌቶቹ ከግድግዳው ወጣ ብለው እንዲታዩም ለእያንዳንዳቸው ጥላ ይጨምራል። በስክሪን ላይ ሲታይ ያምራል። ሥዕሉ በፍላሽ ተጭኖ ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ድሬዳዋ፣ ወደ ስቲከር ቆራጩ ሲሄድ ግን ያ ሁሉ ጥላ ዕዳ ይሆናል። ቆራጭ ማሽን የሚያነበው ምላጩ የሚሄድበትን መስመር፣ ማለትም ፓዝን ብቻ ነው። ጥላ ደግሞ ፓዝ የለውም፤ ፕሮግራሙ በየጊዜው እያሰላ የሚያሳየው የነጠብጣብ ምስል ነው። ለስክሪን ፕሪንትም ቢሆን እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ወንፊት ስለሚያስፈልገው፣ ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ጥላ የሥራውን ወጪና ድካም ከመጨመር በቀር ቲሸርቱ ላይ እምብዛም አያምርም።

ስለዚህ እንደ ጥላ፣ ብርሃንና ብዥታ ያሉት ኢፌክቶች መነሳት አለባቸው። አንድ በአንድ ማንሳት ይቻላል፤ እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደዚያው አደርግ ነበር። ነገር ግን አንድ ሺህ ያህል ቅርጾች ባሉት ሥዕል ላይ አንድ በአንድ መሄድ ቀኑን ከመጨረሱም በላይ፣ ሳይነሳ የቀረ አንድ ጥላ መኖሩ የሚታወቀው ማሽኑ መቁረጥ ከጀመረ በኋላ ነው። በጅምላ ማንሳት ይሻላል፤ የጅምላው ሥራ የሚሰምረው ግን ኢፌክቱ የተሰቀለበትን ቦታ አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። «ሁሉንም መርጬ አጠፋሁ፤ ጥላው ግን አልሄደም» የሚል ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሳተው ትእዛዙን ሳይሆን ቦታውን ነው።

ጥላው በስፌቱ ላይ ነው፣ በምስማሩ ላይ ነው ወይስ በግድግዳው?

ኢለስትሬተር በሚባለው የቬክተር ሥዕል ፕሮግራም ውስጥ አንድ ኢፌክት በተለያዩ ደረጃዎች ላይ ሊሰቀል ይችላል። በአንድ ቅርጽ ላይ፣ ወይም ከቅርጹ ሙሌት አለዚያም ከዳር መስመሩ በአንዱ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቅርጾቹን ሰብስቦ በያዘው ግሩፕ ላይ ሊሆን ይችላል። ቅርጾቹና ግሩፖቹ በተቀመጡበት ንጣፍ፣ ማለትም በሌየሩ ላይ በሙሉ ሊሆንም ይችላል፤ በዚህ ጊዜ በሌየሩ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ፣ ነገ የሚሣለውም ጭምር፣ ጥላውን ይለብሳል። በዓይን ሲታይ በእነዚህ መካከል ልዩነት የለም። ስፌቱ ጥላ አለው፤ ጥላውን የሰጠው ማን እንደሆነ ግን ሥዕሉ አይናገርም።

የሚናገረው የሌየርስ ፓነል ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ በስተቀኝ አንዲት ትንሽ ክብ አለች። ክቧ ባዶ ከሆነች፣ ያ ነገር ከአንድ ተራ ሙሌትና ከአንድ ተራ የዳር መስመር ያለፈ ነገር አልለበሰም ማለት ነው። ክቧ በጥላ የተሞላች ከሆነች ግን በላዩ ላይ ኢፌክት፣ ግልጽነት ወይም ተጨማሪ ሙሌት አለ። ስለዚህ ማንኛውንም ትእዛዝ ከመስጠት በፊት የሌየሮቹንና የግሩፖቹን ረድፎች ከላይ ወደ ታች እየከፈቱ የተሞሉትን ክቦች መመልከት ተገቢ ነው። አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ የቀሩትን ሰዓታት ያድናል። ከክቦቹ አንዷን ሲጫኑ አፒራንስ የሚባለው ፓነል ያ ነገር የለበሰውን ሁሉ በዝርዝር ያሳያል፤ ፓነሉ ካልተከፈተ ሺፍትና ኤፍ 6ን በአንድነት በመጫን ይከፈታል። ከሙሌቱ ወይም ከዳር መስመሩ ረድፍ ጎን ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን መክፈትም አይዘንጋ፤ ለሙሌቱ ብቻ የተሰጠ ጥላ ከዚያ ሥር ተደብቆ ይገኛል።

ጥቁሩ ቀስት፣ ማለትም ተራው መምረጫ፣ አንድን ግሩፕ ሲመርጥ አፒራንስ ፓነሉ የሚያሳየው የግሩፑን ልብስ እንጂ በውስጡ ያሉትን ቅርጾች ልብስ አይደለም። «ኮንተንትስ» የሚል አንድ ረድፍ ብቻ ያሳያል፤ ወደ ውስጠኛዎቹ ለመውረድ ያን ረድፍ ሁለት ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። በተቃራኒው «ሰሌክት ኦል» ቅርጾችንና ግሩፖችን ይመርጣል እንጂ ሌየሩን ራሱን አይመርጥም። በሌየር ላይ የተሰቀለ ጥላ ሁሉም ነገር ተመርጦ ሳለ እንኳ የማይነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

የመጀመሪያውን ፋይል አይንኩ። «ሴቭ አዝ» ብለው ሌላ ስም ይስጡትና በቅጂው ላይ ይሥሩ፤ መብራት ድንገት በሚሄድበት ከተማ ደግሞ ከእያንዳንዱ ትልቅ እርምጃ በኋላ ማስቀመጥ እንደ ልማድ ቢያዝ ጥሩ ነው። ከዚያ የተቆለፈውን መክፈትና የተደበቀውን ማውጣት ይከተላል። በኦብጀክት ሜኑ ሥር ያሉት «አንሎክ ኦል» እና «ሾው ኦል» የቅርጾችን ቁልፍ ይፈታሉ፤ የሌየሮች ቁልፍና መደበቂያ ግን ከሌየርስ ፓነሉ ሜኑ ለብቻው ይከፈታል። የተቆለፈ ነገር አይመረጥም፤ ያልተመረጠ ነገር ደግሞ አይጸዳም።

ከዚህ ጋር አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ከኢፌክቶቹ የትኛው ጌጥ ነው፣ የትኛውስ ቅርጽ ነው? ጥላ፣ የውጭ ብርሃንና ብዥታ ጌጦች ናቸው፤ ቢነሱ ሥዕሉ ይራቆታል እንጂ አይፈርስም። የማዕዘን ማለስለሻው፣ ዚግዛጉ፣ መስመርን ወደ ውጭ የሚያሰፋው «ኦፍሴት ፓዝ» እና «ትራንስፎርም» ግን ቅርጹን ራሱን የሚሠሩ ኢፌክቶች ናቸው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው። መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላለ አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት ጥለት አዘጋጅ ነበር። የእያንዳንዱን ስፌት ጥለት የሠራሁት አንድ ቁራጭ ብቻ ሥዬ፣ በትራንስፎርም ኢፌክት በ15 ዲግሪ እያዞርኩ 23 ቅጂ እንዲያወጣልኝ በማድረግ ነበር፤ ከዋናው ጋር 24 ቁራጭ ሆኖ ክቡን ይሞላል። ጥላውን ለማንሳት ሁሉንም መርጬ በአንድ ትእዛዝ አጸዳሁ። ጥላው ሄደ፤ ከእርሱ ጋር ግን ከእያንዳንዱ ስፌት 23 ቁራጭ ሄዶ፣ ግድግዳው ላይ የቀረው እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ ያለ አንድ አንድ ቁራሽ ብቻ ነበር። የከፋው ደግሞ ይህን ሳላስተውል ፋይሉን ዘግቼ መውጣቴ ነው።

ሁለቱ ትእዛዞች

አፒራንስ ፓነሉ ስማቸው የሚቀራረብ፣ ውጤታቸው ግን የሚራራቅ ሁለት ትእዛዞች አሉት። «ክሊር አፒራንስ» ሁሉንም ይገፋል፤ ኢፌክቱን ብቻ ሳይሆን ሙሌቱንና የዳር መስመሩንም ያነሳል። ቅርጹ በፋይሉ ውስጥ ይኖራል፤ ነገር ግን ቀለም ስለሌለው አይታይም። በሁሉም ላይ ከተሠራ ገጹ ባዶ ይሆንና ሰው ሥዕሉ የጠፋ ይመስለዋል። ለጅምላ ጽዳት የሚፈለገው ትእዛዝ ይህ አይደለም።

የሚፈለገው በዚያው ፓነል ሜኑ ውስጥ ያለው «ሪዲዩስ ቱ ቤዚክ አፒራንስ» ነው። ይህኛው አንድ ሙሌትና አንድ የዳር መስመር ትቶ የቀረውን ያነሳል። የሚሄደው ጥላውና ብዥታው ብቻ አይደለም፤ ግልጽነቱ፣ የቀለም መደባለቂያው ዘዴና ከአንድ በላይ የሆነው ሙሌትም አብሮ ይሄዳል። ለስቲከር ቆራጭ ይህ ጥሩ ነው። ባለ ሁለት የዳር መስመር ጥለት ላለው ሥዕል ግን አንዱን መስመር ያጠፋል፤ የሐረሪ ስፌት ጠርዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሣለው በሁለት ወይም በሦስት መስመር ስለሆነ ይህን ማሰብ ይገባል። ለጽሑፍም ጥንቃቄ ያሻል፤ ቀለሙ በፊደሎቹ ላይ ሳይሆን በጽሑፉ ሳጥን ላይ እንደ ተጨማሪ ሙሌት ከተሰጠ፣ ትእዛዙ ያን ሙሌት አንስቶ ፊደሎቹን ወደ ቀድሞ ቀለማቸው ይመልሳቸዋል።

ይህንኑ ትእዛዝ በእጅ መፈጸም ለሚወድ ሰው አቋራጭ አለ። በሌየርስ ፓነል ላይ የተሞላችውን ክብ በማውዝ ይዞ በፓነሉ ግርጌ ወዳለው የቆሻሻ መጣያ መጎተት ያው ነው። ለአንድ ሌየር ወይም ለአንድ ትልቅ ግሩፕ ከዚህ የፈጠነ መንገድ አላውቅም፤ በሌየር ላይ የተሰቀለ የሁለት መቶ ስፌቶች ጥላ በአንድ ጉተታ ይነሳል። ክቧን ሲጎትቱ ኦልት የሚለውን ቁልፍ ከነኩ ግን ልብሱ ይቀዳል እንጂ አይነሳም። ሌላም መውጫ አለ፤ ቅርጾቹን ኢፌክት ከለበሰው ሌየር አውጥቶ ወደ አዲስ ሌየር ማዛወር የሌየሩን ጥላ እዚያው ያስቀረዋል፤ ግሩፕን መፍታትም እንዲሁ የግሩፑን ጥላ ይጥለዋል።

ጌጡን አንስቶ ቅርጹን ማስቀረት

እንደ እኔ የስፌት ጥለት፣ ጥላና ትራንስፎርም በአንድ ቅርጽ ላይ አብረው ሲገኙ ሁሉን የሚያጸዳው ትእዛዝ አይሆንም። መንገዱ ይህ ነው። በነጩ ቀስት ከቅርጾቹ አንዱን ይምረጡ፤ ነጩ ቀስት ግሩፑን ትቶ ቅርጹን ራሱን ስለሚይዝ ነው። ከዚያ ከሰሌክት ሜኑ «ሴም» ውስጥ ገብተው «አፒራንስ» የሚለውን ይጫኑ። ፕሮግራሙ በየግሩፑ ውስጥ እየገባ ፍጹም ተመሳሳይ ልብስ የለበሱትን ሁሉ ይመርጣል። አሁን የተመረጡት አንድ ዓይነት ስለሆኑ አፒራንስ ፓነሉ ዝርዝራቸውን እንደ አንድ ነገር ያሳያል፤ «ድሮፕ ሻዶ» የሚለውን ረድፍ ብቻ ይዘው ወደ ቆሻሻ መጣያው ይጣሉት። ትራንስፎርሙ በቦታው ይቀራል፤ ጥላው ከሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ ይነሳል።

ፓነሉ «ሚክስድ አፒራንስስ» ካለ ግን ልብሳቸው የተለያየ ነገሮች አብረው ተመርጠዋል ማለት ነው፤ በዚህ ሁኔታ ረድፎቹ አይታዩም፤ ነጥሎ ማንሳትም አይቻልም። ስለዚህ ሥራው በየዙሩ ይሄዳል፤ ቀዩን ስፌት መርጦ መሰሎቹን ማጽዳት፣ ቀጥሎ ቢጫውን፣ ቀጥሎ አረንጓዴውን። በጥሩ ሁኔታ በተሠራ ሥዕል ውስጥ ዙሩ ከአሥር አያልፍም። የቅርጾቹ ቀለም እጅግ ተለያይቶ ጥላቸው ብቻ አንድ ከሆነ ደግሞ፣ በአፒራንስ ፓነሉ ላይ የጥላውን ረድፍ ብቻ መርጦ በዚያው «ሴም» ሥር «አፒራንስ አትሪቢውት» የሚለውን መጠቀም ይቻላል፤ ይህ ፍለጋውን ወደዚያ አንድ ረድፍ ያጠብበዋል።

ጥላው ከተነሳ በኋላ ነው ትራንስፎርሙን ወደ እውነተኛ ፓዝ መለወጥ የሚገባው፤ ቅርጾቹ እንደተመረጡ ከኦብጀክት ሜኑ «ኤክስፓንድ አፒራንስ» ይባላል፤ 24ቱ ቁራጮችም እያንዳንዳቸው ምላጭ የሚከተላቸው መስመሮች ይሆናሉ። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ አደጋ አለው። ጥላው ሳይነሳ «ኤክስፓንድ» ከተባለ ጥላው ወደ ነጠብጣብ ምስል ተለውጦ ከቅርጾቹ ሥር ይተኛል፤ ከዚያ በኋላ ኢፌክት መሆኑ ይቀራል፤ በአፒራንስ ፓነል ውስጥም አይገኝም።

ሥዕሉን የሠራው ሰው ጠንቃቃ ከነበረና ጥላውን በግራፊክ ስታይል፣ ማለትም ስም ተሰጥቶት በተቀመጠ የቀለምና የኢፌክት ስብስብ በኩል ከሰጠ፣ ይህ ሁሉ ልፋት ወደ አንድ እርምጃ ያጥራል። ስታይሉን ከለበሱት ቅርጾች አንዱን ይመርጣሉ፤ ከአፒራንስ ፓነሉ ላይ የጥላውን ረድፍ ያነሳሉ፤ ከፓነሉ ሜኑ «ሪዲፋይን ግራፊክ ስታይል» ይላሉ። ያን ስታይል የለበሱ ሁሉ፣ ሦስትም ይሁኑ ሦስት ሺህ፣ በዚያው ቅጽበት ጥላቸውን ያወልቃሉ። ሲምቦልም ተመሳሳይ በረከት አለው፤ አንድ ስፌት ሲምቦል ሆኖ በግድግዳው ላይ ሠላሳ ጊዜ ከተደገመና ጥላው በሲምቦሉ ውስጥ ከሆነ፣ ሲምቦሉን ሁለት ጊዜ ተጭኖ ከፍቶ አንዱን ማስተካከል ሠላሳውንም ያስተካክላል። ከውጭ ሆኖ ሠላሳውን መርጦ ማጽዳት ግን በውስጥ ያለውን ጥላ አይነካውም። ወጣት ዲዛይነሮች ስታይልና ሲምቦል የማይጠቀሙት ጊዜ የሚያባክን እየመሰላቸው ነው፤ ጊዜው የሚባክነው ግን ማውለቅ ሲመጣ ነው።

ቀድሞ ወደ ምስል የተለወጠ ጥላ

ደንበኛ የሚያመጣው ፋይል ሁልጊዜ ትኩስ አይደለም። ከዓመታት በፊት የተሠራ፣ ሠሪው የማይታወቅ፣ ኢፒኤስ ወይም ፒዲኤፍ ሆኖ የተቀመጠ ሥዕል ይመጣል። ፒዲኤፉ የኢለስትሬተርን የማስተካከያ መረጃ ይዞ ካልተቀመጠ ጥላዎቹ ወደ ምስልነት ተለውጠዋል። በዚህ ፋይል ላይ ከላይ የተባለው ሁሉ ከንቱ ነው፤ የሚነሳ ኢፌክት የለም፤ የሚሰረዝ ምስል ብቻ አለ።

ምስሎቹን ለመሰብሰብ የሚረዳው ጥላ በተለምዶ «መልቲፕላይ» በሚባለው የቀለም መደባለቂያ ዘዴ መቀመጡ ነው። በነጩ ቀስት አንድ የጥላ ምስል ይምረጡና ከሰሌክት ሜኑ «ሴም» ሥር «ብሌንዲንግ ሞድ» ይበሉ። በዚያው ዘዴ የተቀመጡ ሁሉ ይመረጣሉ። ከመሰረዝ በፊት ግን ኮንትሮልና ዋይን በአንድነት በመጫን ወደ አውትላይን ዕይታ ይሂዱና የተመረጡትን ይመልከቱ፤ ምስሎች በአራት ማዕዘን ሳጥን፣ ቅርጾች ደግሞ በራሳቸው መስመር ስለሚታዩ፣ ያልታሰበ ቅርጽ አብሮ ተመርጦ እንደሆነ ወዲያው ያስታውቃል። ሊንክስ የሚባለው ፓነልም በፋይሉ ውስጥ የተካተቱትን ምስሎች ስለሚዘረዝር፣ ከስረዛው በኋላ ዝርዝሩ ባዶ መሆኑን ማየት ጥሩ ማረጋገጫ ነው። እውነተኛ ፎቶግራፍ በሥዕሉ ውስጥ ካለ እርሱ ብቻ ይቀራል።

ፋይሎቹ ብዙ ሲሆኑ

የጀጎልን አምስት ጥንታዊ በሮች፣ ሸዋ በርን፣ ቡዳ በርን፣ ሰንጋ በርን፣ ኤረር በርንና ፈላና በርን፣ አምስት የተለያዩ ፋይሎች አድርጎ በስቲከር ማውጣት የሚፈልግ ሰው ያንኑ ሥራ አምስት ጊዜ መድገም አይጠበቅበትም። በአክሽንስ ፓነል ላይ አዲስ አክሽን፣ ማለትም ተቀርጾ የሚደገም የትእዛዞች ቅደም ተከተል ይከፍታል፤ ቀረጻውን ያስጀምርና በአንዱ በር ላይ እርምጃዎቹን ይፈጽማል። የተቆለፈውን ይፈታል፤ ሁሉንም ይመርጣል፤ ግሩፖቹ እስኪያልቁ ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈታቸዋል፤ በመጨረሻም ወደ ቤዚክ አፒራንስ ያወርዳቸዋል። ግሩፑን መፍታቱ የግሩፑን ጥላ የሚጥል ሲሆን የመጨረሻው ትእዛዝ የቅርጾቹን ጥላ ያነሳል። ቀረጻውን ካቆመ በኋላ እያንዳንዱ እርምጃ በዝርዝሩ ውስጥ መግባቱን ማየት አለበት። ከዚያ ከፓነሉ ሜኑ «ባች» የሚለውን ከፍቶ የምንጩንና የመድረሻውን ፎልደር ይጠቁማል፤ ቀሪዎቹ አራት በሮች በራሳቸው ይጸዳሉ።

ይህ ዘዴ ለቆራጭ በሚላክ ቅጂ ላይ ብቻ የሚሠራ ነው። ግሩፖቹ ስለሚፈቱ ፋይሉ ከዚያ በኋላ ለማስተካከል አይመችም፤ በማስክ፣ ማለትም ከክልሉ ውጭ ያለውን በሚሸፍን ቅርጽ የተቆረጡ ክፍሎች ካሉም ግሩፑ ሲፈታ ማስኩ አብሮ ስለሚፈታ፣ ተሸፍኖ የነበረው ትርፍ ድንጋይና ግንብ ብቅ ይላል። ማስክ ያለበትን ፋይል ከባቹ አውጥቶ በእጅ መሥራት ይሻላል።

በኢንክስኬፕ

የኢለስትሬተርን ክፍያ መሸከም ለማይችል ኢንክስኬፕ ነፃ ነው፤ በብዙ ትናንሽ ሱቆችም የሚሠራበት እርሱ ነው። በዚህ ፕሮግራም ጥላና ብዥታ «ፊልተር» ይባላሉ፤ በፊልተርስ ሜኑ ውስጥም «ሪሙቭ ፊልተርስ» የሚል ትእዛዝ አለ። በሙሌትና መስመር መስኮቱ ላይ በተንሸራታቹ የተሰጠ ብዥታም ፊልተር ስለሆነ በዚሁ ይነሳል፤ ግልጽነት ግን ፊልተር ስላልሆነ አይነካም።

እዚህም ያው የቦታ ጥያቄ ይመለሳል። ግሩፕ መርጠው ትእዛዙን ቢሰጡ በውስጡ ያሉት ቅርጾች የየራሳቸውን ፊልተር ይዘው ሊቀሩ ይችላሉ። መፍትሔው ኮንትሮልና ኤፍን ተጭኖ የፍለጋውን መስኮት መክፈት ነው። ፍለጋው በባሕርያት ውስጥ፣ በተለይም በ«ስታይል» ውስጥ እንዲሆን ያድርጉ፤ የተደበቁትንና የተቆለፉትን እንዲጨምርም ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ ፊልተር የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ይፈልጉ። በየግሩፑ ውስጥ የተደበቁት ሁሉ ከተመረጡ በኋላ «ሪሙቭ ፊልተርስ» ይባላል። በመጨረሻም ከፋይል ሜኑ «ክሊን አፕ ዶክዩመንት» ሲባል ባለቤት ያጡት የፊልተር ትርጓሜዎች ከፋይሉ ውስጥ ይጠረጋሉ።

«ፓዝ ኢፌክት» የሚባለው ግን ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። እርሱ መስመሩን የሚያጣምም፣ የሚደግም ወይም የሚያሰፋ ነው፤ ቢነሳ መስመሩ ወደ መጀመሪያ ቅርጹ ይመለሳል። ቅርጹ እንዲቀር ከተፈለገ ከማንሳት ይልቅ ከፓዝ ሜኑ «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» ብሎ ማጽናት ይገባል፤ የእኔን የተቆረሰ ስፌት ታሪክ እዚህም መድገም ቀላል ነው።

ኢንክስኬፕ የሚያስቀምጠው ኤስቪጂ ፋይል በመሠረቱ ጽሑፍ ስለሆነ፣ ኢንክስኬፕ ለመክፈት የሚቸገርበትን እጅግ ከባድ ሥዕል በጽሑፍ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍቶ ማጽዳትም ይቻላል። በእያንዳንዱ ቅርጽ ስታይል ውስጥ ፊልተር የሚለው ቃል፣ ከእርሱ ቀጥሎ ኮሎን፣ ቀጥሎም ዩአርኤል ብሎ በቅንፍ ውስጥ የፊልተሩን መለያ የያዘ ሐረግ አለ። መለያው በየቅርጹ ስለሚለያይ ተራ ፍለጋ አይበቃም፤ «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን» የሚለውን አማራጭ አብርቶ፣ በቅንፉ ውስጥ ከመዝጊያ ቅንፍ በስተቀር ማንኛውም ፊደል ሊኖር እንደሚችል የሚናገር ቀመር መጻፍና በባዶ መተካት ያስፈልጋል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ፊልተሩን በስታይል ውስጥ ሳይሆን ለብቻው ስለሚጽፉት ፍለጋውን ለሁለቱም አጻጻፍ ማድረግ ይገባል። መጀመሪያ የሚሰረዘው በየቅርጹ ላይ ያለው ጥሪ ነው፤ በፋይሉ ራስጌ ያለው ትርጓሜ ብቻ ተሰርዞ ጥሪው ከቀረ፣ ቅርጹን ጨርሶ የማያሳይ ፕሮግራም ሊያጋጥም ይችላል።

በፎቶሾፕ ውስጥ የቬክተር ቅርጾችን ለሠራ ሰው ነገሩ አጭር ነው፤ ሌየሮቹን በሺፍት በጅምላ መርጦ ከሌየር ሜኑ «ሌየር ስታይል» ሥር «ክሊር ሌየር ስታይል» ማለት በቂ ነው። ሌየሮቹን የያዘው ግሩፕም የራሱ ስታይል ሊኖረው ስለሚችል እርሱንም መምረጥ አይረሳ።

ከተነሳ በኋላ

ጥላ ሲነሳ ሥዕሉ ጠፍጣፋ ከመሆኑ በላይ ቀለሙም ሊለወጥ ይችላል። በመልቲፕላይ ተደራርበው የጠቆሩ ሁለት ቀለሞች ዘዴው ሲነሳ የላይኛው ብቻ ይታያል፤ የነደባው ቀይ ድንገት ፈዝዞ ቢታይ ምክንያቱ ይህ ነው። ስለዚህ ከማጽዳት በፊት የታየውን ቀለም በቀለም መውሰጃው ወስዶ ማስታወሻ መያዝ፣ ከጽዳቱ በኋላም ለቅርጹ እንደ ተራ ሙሌት መስጠት ያሻል። ስፌቱ ከግድግዳው እንዲለይ የግድ ጥላ የሚያስፈልገው ከሆነ ደግሞ፣ ክቡን ቀድቶ ትንሽ ወደ ታችና ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጎ በአንድ ጥቁር ግራጫ መሙላትና ከሥር ማስተኛት ነው። ይህ ጥላ ፓዝ አለው፤ ምላጩ ይቆርጠዋል፤ ወንፊቱም ያትመዋል። ለእኔ ዓይን በቲሸርት ላይ ከደብዛዛው ይልቅ ይኸኛው ያምራል፤ የስፌትን ጥብቅና የተቆጠረ ጥለትም ይመስላል።

ማረጋገጫው በሁለት በኩል ነው። በሌየርስ ፓነል ላይ የቀረች የተሞላች ክብ መኖሯን እንደ መጀመሪያው ከላይ ወደ ታች መመልከት፣ ከዚያም በአውትላይን ዕይታ የምስል ሳጥን አለመኖሩን ማየት። በኢንክስኬፕ ደግሞ ከቪው ሜኑ «ኖ ፊልተርስ» የሚባለውን ዕይታ ከተራው ዕይታ ጋር እያፈራረቁ ማየት ይረዳል፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት ከታየ የቀረ ፊልተር አለ።

ፋይሉ ወደ ድሬዳዋ ሲላክ የተጸዳው ቅጂ «ለቆራጭ» የሚል ቃል በስሙ ላይ ይጨመርበት፤ ባለ ጥላው የመጀመሪያ ፋይል እዚያው በእጅዎ ይቅር፤ ደንበኛው እንዲያየው ብቻ በፒዲኤፍ ወይም በፎቶ መልክ ይላክ። ቆራጩም ግድግዳውን በሙሉ ከመቁረጡ በፊት ከስፌቶቹ አንዱን፣ በተለይ ጥለቱ የደቀቀውን፣ በትራፊ ስቲከር ላይ ቆርጦ 24ቱ ቁራጮች መኖራቸውን እንዲቆጥር ይንገሩት።